የሐር ሻርፕ 8 ወር አድርጌ ያየሁት፦ የቱ ያምራል የቱ ያስረጃል

ሶስት የሐር ሻርፕ አለኝ። አንዱ 90 በ90 ሴንቲ ትዊል (ሽመናው ሰያፍ የሆነ) ነው፣ አንዷ 70 በ70 ሳቲን (ፊቷ የሚያበራ)፣ ሌላው ደሞ ሪባን የሚመስል ቀጭን ረጅም፣ ሶስቱንም ላለፉት 8 ወራት እየቀያየርኩ አድርጌያቸዋለሁ ስለዚ ያየሁትን በደንብ ልፅፍላችሁ ነው። መልሱን ብቻ ለምትፈልጉ፣ ትዊሉን ግዙ፣ ትልቁን። ለምን የሚለውን ግን ብታነቡት ደስ ይለኛል ምክንያቱም እኔ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ተቸግሬበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በፎቶ ነው። የጓደኛዬ ምርቃት ላይ ሳቲኗን አንገቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ ወደ ጎን አስሬ፣ ከላይ ኮት ደርቤ፣ ጉትቻም ሃብልም አድርጌ ሄድኩ፣ ከቤት ስወጣ በጣም ያማረብኝ መስሎኝ ነበር። ፎቶው ሲመጣ ታላቅ እህቴ አየችውና "ምነው የኔ እህት፣ የድሮ ሆስተስ መሰልሽ እኮ" አለችኝ። ክፋት የላትም፣ ያየችውን ነው የተናገረችው፣ እኔን ግን ከፋኝ። ደጋግሜ ሳየው ልክ ነበረች፣ ፎቶው ላይ በእድሜዬ ላይ 15 አመት ጨምሬያለሁ። ሻርፑ ደሞ አስቀያሚ አይደለም፣ ቀለሙ እስካሁን ደስ ይለኛል። ታዲያ ያስረጀኝ ምንድነው? ይሄን ጥያቄ ይዤ ነው 8 ወር የከረምኩት።

ከጨርቁ ልጀምር ምክንያቱም ግማሹ ስህተት የሚመጣው ከዛ ነው። ሳቲን ማለት ሐር ማለት አይደለም። ሳቲን የአሸማመን አይነት ነው፣ ክሩ በፊት በኩል ረዘም ረዘም ብሎ እንዲተኛ ተደርጎ ስለሚሸመን ፊቱ ያበራል ጀርባው ይደበዝዛል፣ ክሩ ግን ሐርም ሊሆን ይችላል ፖሊስተርም ሊሆን ይችላል። ይሄን ሳላውቅ በፊት "ሳቲን ሐር" የሚል ፅሁፍ አምኜ ኦንላይን ያዘዝኩት ሻርፕ ነበር (ከሶስቱ አልቆጠርኩትም)፣ ሲመጣ ፖሊስተር ሆኖ ተገኘ። ያወቅኩት ከጠርዙ ሁለት ክር መዝዤ በመቆንጠጫ ይዤ ሰሃን ላይ በክብሪት ሳቃጥለው ነው። እውነተኛ ሐር ሲቃጠል የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ምክንያቱም ሐርም ፀጉርም ፕሮቲን ናቸው፣ የሚቀረው አመድ ደሞ በጣት ስትነኩት ዱቄት ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ሆኖ ይቀራል፣ ሽታውም የፕላስቲክ ነው። የኔ ቀለጠ። ሻጩ መልሼ ስፅፍለት መልስ እንኳን አልሰጠኝም፣ በጣም ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ሐር ብሎ መሸጥ እና ሳቲን ብሎ መሸጥ አንድ አይደለም። እናንተ ብትሞክሩት ውሃ አጠገባችሁ አድርጉ፣ የሞከራችሁትም ክር ብቻ ይሁን።

እና ይሄ የእውነተኛነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ መልክ ላይም ይታያል። የሐር ትሏ የምትሰራው ክር ቢቆረጥና በማይክሮስኮፕ ቢታይ ጥግ ጥጉ ለስለስ ያለ ሶስት ማዕዘን ነው፣ ብርሃኑ ሲያርፍበት በተለያየ አቅጣጫ ነው የሚመልሰው፣ ለዛ ነው ሐር ስትንቀሳቀሱ ቀለሙ የሚለዋወጥ የሚመስለው። ርካሽ ፖሊስተር ሳቲን ግን በአንድ በኩል ነጭ ነጭ እያለ ነው የሚያብለጨልጨው፣ በተለይ በፍላሽ ፎቶ። ፊት አጠገብ የሚያብለጨልጭ ነገር ደሞ ፊትን አያበራም፣ አይን ከፊታችሁ ላይ ወስዶ ጨርቁ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

አሁን ወደ ሳቲኗ ልመለስ፣ ፎቶ ላይ ወዳለችው። እሷ እውነተኛ ሐር ናት፣ በዚህ አላማትም። ሐር ሲለካ ሞሜ በሚባል መለኪያ ነው፣ 1 ሞሜ በአንድ ካሬ ሜትር 4.34 ግራም አካባቢ ነው፣ ሳቲኗ 12 ሞሜ ስለሆነች ሚዛን ላይ ሳስቀምጣት 25 ግራም ገደማ ነው የመዘነችው፣ በጣም ቀላል ናት። ስትነኳት ውሃ ናት። ችግሩም እሱ ነው፣ ትንሸራተታለች። ላላ አድርጌ ካሰርኳት ገና ደረጃ ሳልወርድ ትፈታለች፣ አንዴ መንገድ ላይ ወድቃ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ነው አንስቶ የሰጠኝ። ስለዚ ምን አደርጋለሁ፣ አጠብቃታለሁ። ሁለቴ እቋጥራታለሁ። ስትጠብቅ ደሞ ቋጠሮው ትንሽ ድርቅ ያለ ጠጠር ይሆናል፣ ሁለቱ ጫፎች ቀጥ ብለው እንደ ጆሮ ይቆማሉ፣ አንገቴም የታሰረ ይመስላል። ቆይቼ የገባኝ ይሄ ነው፦ ያ ፎቶ ላይ ያስረጀኝ ሻርፕ ማድረጌ ሳይሆን መወጠሩ ነው። ሁሉም ነገር እኩል፣ ሁሉም ነገር ጥብቅ፣ ማንም ሳይነካው ከሳጥን የወጣ የሚመስል። እና እንድወጥረው ያደረገኝ ጨርቁ ራሱ ነበር።

መጠኗም አግዞታል። አራት ማዕዘን ሻርፕ ጥግ ለጥግ ሲታጠፍ የምታገኙት ርዝመት ከጎኑ ይበልጣል፣ 70ው 99 ሴንቲ ይሰጣችኋል፣ 90ው ግን 127። አንገት 35 ሴንቲ ቢሆን፣ አንዴ ዞሮ የሚቀራችሁ በ70ው በየጎኑ 32 ሴንቲ ነው፣ ቋጠሮው ራሱ ከዛ ላይ ይበላል፣ ስለዚ ላላ ለማድረግ የሚተርፍ ነገር የለም። በ90ው በየጎኑ 46 ይቀራችኋል። ይቺ 14 ሴንቲ ምንም አትመስልም አይደል፣ እኔ ግን ሁሉ ነገር የተቀየረው በሷ ነው።

ትዊሉ። እሺ ስለሱ ብዙ አወራለሁ፣ ታገሱኝ። ትዊል ሽመናው ሰያፍ ነው፣ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ጂንስ ላይ እንደምታዩት አይነት ቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች አሉት፣ እነሱ ናቸው ጨርቁ ጨርቁን እንዲይዘው የሚያደርጉት። የኔ 18 ሞሜ ነው፣ 63 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ እጅ ላይ ሰውነት እንዳለው ይሰማችኋል። አንዴ ብቻ ላላ አድርጌ እቋጥረውና ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ ትንሽ ይወርዳል፣ ትንሽ ይዞራል፣ እሱ ደሞ ያምርበታል እንጂ አያበላሸውም። ይሄ 90 በ90 መጠን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ ኤርሜስ በ1937 የመጀመሪያውን የሐር ሻርፑን ካወጣ ጀምሮ የታወቀ መጠን ነው፣ ዛሬም ብዙ አምራቾች በሱ ነው የሚሄዱት። የኔው ኤርሜስ አይደለም፣ ስምም የለው፣ ግን ሳይዙም ሽመናም አንድ ስለሆነ ስራውን ይሰራል።

ጠርዙን ሳታዩ እንዳትገዙ። በእጅ የተዘመዘመ ጠርዝ ተጠቅልሎ ክብ ሆኖ ነው የሚሰፋው፣ ስትዳብሱት ወፍራም ክር ውስጡ ያለ ይመስላል፣ ስፌቱም እዚህም እዛም ትንሽ ይለያያል። በማሽን የተሰፋው ግን ዝርግና ደረቅ ነው፣ ታጥፎ ሲንጠለጠል ጠርዙ ሰሌን ይመስላል። ለአይን ትንሽ ነገር ነው ግን የሻርፑ ጫፍ ነው ሰው ላይ የሚታየው፣ ጫፉ ለስለስ ብሎ ካልወረደ የፈለጋችሁትን ብታስሩ አይሆንም። ሌላ፣ ገልብጣችሁ እዩት። ጥሩ ህትመት ቀለሙ ወደ ጀርባው ዘልቆ ይገባል፣ ጀርባው ነጣ ያለ ከሆነ ስታስሩት ነጩ ብቅ ብቅ እያለ ያስጠላል። በየቀለሙ የተለየ ማተሚያ ወንፊት ስለሚሰራ ነው ብዙ ቀለም ያለው በወንፊት የታተመ ሻርፕ ብዙ ስራ የሚፈጀው፣ መስመሮቹ ካልተገጣጠሙ፣ አንዱ ቀለም ከስዕሉ አልፎ ከወጣ፣ በችኮላ የተሰራ ነው ማለት ነው።

አደራረጉ ላይ ስመጣ፣ የምወደው አንድ ነው እና 8 ወሩን ግማሽ ያደረግኩት እሱን ነው። ጥግ ለጥግ ሶስት ማዕዘን አጥፉት፣ ከዛ ከሹሉ ጀምራችሁ አትጠቅልሉት፣ ዝም ብላችሁ ሁለት ሶስቴ እጠፉት፣ ስፋቱ አራት ጣት አካባቢ ይሁን፣ እኩል ባይሆን ችግር የለም፣ ባይሆን ይሻላል። አንገታችሁ ላይ ጣል አድርጉትና አንዱን ጫፍ ከሌላው አርዝሙት፣ አንዴ ብቻ አቋልፉት፣ ከዛ ሁለት ጣት አስገብታችሁ ወደ ታች ሳቡት እና ተዉት። መስታወት ፊት ብዙ አትቁሙ። ጥግ ለጥግ የምለው ለርዝመቱ ብቻ አይደለም፣ ጨርቅ በሰያፉ በኩል ትንሽ ይለጠጣል ይተኛልም፣ በቀጥታው ካጠፋችሁት ግን ሳንቃ ነው የሚሆነው። አንገቴ አጭር ነው የምትሉ ደሞ ቋጠሮውን ከአንገት ስር አታድርጉት፣ ወደ ደረት አውርዱት፣ ሻርፑ የቪ ቅርፅ ይሰራል አንገትም ረዘም ብሎ ይታያል። እኔ አንገቴ አጭር ነው፣ በዛ ፎቶ ላይ ጭራሽ አንገት አልነበረኝም።

ሁለተኛው ሸሚዝ ውስጥ ነው፣ ሁለት ቁልፍ ከፈት አድርጋችሁ ሻርፑን ከኮሌታው ስር ወደ ውስጥ መክተት፣ የሚታየው ትንሽ ቀለም ብቻ ነው። ሻርፕ ለማድረግ ለምትፈሩ ከዚህ ጀምሩ፣ ማንም አበዛሽው አይላችሁም። ወንዶችም ያምርባቸዋል ይሄኛው፣ ወንድሜ ወስዶብኝ አድርጎት ነበር እና ባይመልስልኝም ኖሮ አልቀየመውም ነበር። ቀበቶ አድርጎ ጂንስ ላይ ማሰርም ይሰራል ግን እዛ ላይ ሸሚዙ ስዕል የሌለው መሆን አለበት።

አብሮት የሚለበሰው ነገር ላይ በጣም ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። የሐር ሻርፕ በራሱ ወግ ያለው ነገር ነው፣ ወግ ካለው ልብስ ጋር ስታደርጉት ይደራረባል። ሙሉ ሱፍ፣ ተረከዝ ጫማ፣ የተተኮሰ ፀጉር፣ ሉል ጉትቻ፣ በላዩ ላይ ሻርፕ፣ እያንዳንዱ ቆንጆ ነው፣ አንድ ላይ ግን የቆየ ፎቶ ነው። ከነጭ ቲሸርት፣ ከታጠበ ጂንስ፣ ከሹራብ፣ ከሌዘር ጃኬት ጋር አድርጉት፣ ያኔ ሻርፑ የናንተ ይሆናል። ሃብል በጭራሽ፣ ሻርፑ ነው ሃብሉ። ጉትቻ ካስፈለገ ትንሽዬ። የደረት ጌጥ መርፌ አትውጉበት፣ መልኩን ስለሚያከብደው ብቻ አይደለም፣ የተወጋ ሐር ቀዳዳው ላይጠፋ ይችላል። ራስ ላይ አድርጎ አገጭ ስር ማሰር ደሞ ለብቻው ያምራል፣ ንግስት ኤልሳቤጥ እስከ እርጅናቸው ፈረስ ላይ እንደዛ ነበር የሚያደርጉት፣ የፊልም ተዋናይዋ ግሬስ ኬሊም የታወቀችው በዛ ነው፣ ግን ትልቅ ጥቁር መነፅር እና ቀይ ሊፕስቲክ ስትጨምሩበት የ1950ዎቹን ተዋናይ መምሰል ይሆናል። ከሶስቱ አንዱን ተዉ። እኔ መነፅሩን ነው የተውኩት እና ቋጠሮውን ከአገጭ ወደ ማጅራት አዞርኩት፣ ወዲያው ነው የቀለለው።

ቀለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰራው ስህተት (እኔም ሰርቼዋለሁ) ሻርፑ በብዛት ያለውን ቀለም ወስዶ ልብሱን ከሱ ጋር ማመሳሰል ነው፣ ሰማያዊ ሻርፕ፣ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ሰማያዊ ቦርሳ፣ ዩኒፎርም ሆነ። የኔ ትዊል መሬቱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ውስጡ ክሬም፣ ዝገት የሚመስል ቡኒ እና በጣም ትንሽ የሰናፍጭ ቢጫ አለ። ልብሴን ከዛ ከትንሹ ቢጫ ወይ ከቡኒው ጋር ነው የማናግረው፣ ሰማያዊውን እተወዋለሁ። ያንን ስታደርጉ ሰው ለምን እንዳማረባችሁ ሳያውቅ ነው የሚያየው። ስትገዙ ደሞ ሻርፑን ዘርግታችሁ አትምረጡት፣ ዘርግቶ የሚያደርገው ማነው፣ አጥፋችሁ አገጫችሁ ስር አድርጋችሁ በመስኮት ብርሃን ፊታችሁን እዩ። መሃሉ ላይ ያለው ስዕል ታጥፎ ውስጥ ነው የሚገባው፣ የሚታየው ጥጉ እና ጠርዙ ነው፣ እኔ መሃሉ ላይ ባለ አበባ ተማርኬ ልገዛ ስል ጥጉ ደብዛዛ ግራጫ መሆኑን አይቼ የተውኩት አለ።

ቀጭኑ ሻርፕ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ፀጉር ወደኋላ ሰብስቦ ለማሰር ጎበዝ ነው፣ የእጅ አንጓ ላይም ይሆናል፣ የቦርሳ እጀታ ላይ ብዙ ሰው ስለሚያደርገው እኔ ሰለቸኝ። አንገት ላይ ግን አልወደድኩትም፣ ክራቫት ነው።

ትዊሉን እንዲህ ሳወድሰው ችግር የለውም ማለቴ አይደለም። ክሩ ይሳባል፣ ቀለበቴ ላይ ያለች ትንሽ ጥፍር ይዛው አንዴ ረጅም መስመር አወጣችብኝ፣ የጃኬት ዚፕም እንደዛው ነው፣ መጀመሪያ ዚፕ ዝጉ ከዛ ነው ሻርፕ። የውሃ ጠብታ ቦታ ትቶ ይደርቃል። ሽቶ እና ዲኦድራንት ያበላሹታል፣ ሽቶ ተቀብታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ፋውንዴሽን የምትቀቡ ከሆነ አገጭ ስር ያለውን በደንብ ጥረጉት፣ እኔ የሻርፑ ክሬም ቀለም ላይ የነካብኝ ሁለት ወር ሆኖት አሁንም ጥላው አለ። ፀሀይ ላይ ማስጣትም ቀለሙን ይወስደዋል።

እጥበቱን ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ እኔ ግን ቤት ነው የማጥበው። መጀመሪያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥጉ ላይ ጫን አድርጋችሁ ቀለም ይለቅ እንደሆነ እዩ፣ ከለቀቀ ላውንደሪ ውሰዱት። ካልለቀቀ ቀዝቃዛ ወይ ለብ ያለ ውሃ፣ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ፣ ለሐር እና ለሱፍ የሚሆን ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ጠብታ፣ ሁለት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ማድረግ እና ማለቅለቅ። በረኪና ሐርን ይበላዋል፣ ኢንዛይም ያለው የዱቄት ሳሙናም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ኢንዛይሙ የተሰራው ፕሮቲን ለመሰባበር ነው ሐር ደሞ ራሱ ፕሮቲን ነው። አትጭመቁት፣ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ትንሽ እርጥብ እያለ በጀርባው በኩል በዝቅተኛ ሙቀት ይተኮሳል፣ ካውያው ግን ጠርዙ ላይ እንዳይወጣ፣ ያ ክብ ጠርዝ አንዴ ከተዳመጠ ያ የወደዳችሁት ነገር ሄደ። ደሞ መስመር እስኪያወጣ አጣጥፋችሁ አትተኩሱት፣ የተኮሳችሁት እጥፋት አንገት ላይ ሲታይ ያው ወደዛ ወደተወጠረው መልክ ነው የሚመልሳችሁ። እኔ ከታጠበ በኋላ አልፎ አልፎ ነው የምተኩሰው፣ በቀረው ጊዜ ማንጠልጠያ ላይ ጣል ነው።

ትዊሉን ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት ክሩ ስለሚሳብ ነው። ቀጭኑን ሶስት። ሳቲኗን ለአንገት ሁለት ብቻ ብሰጣትም አልጣልኳትም፣ ማታ ፀጉሬን አስርባታለሁ፣ መንሸራተቷ እዛ ላይ ጥቅም ሆነ፣ ትራስ ላይ ፀጉሬ አይፈተግም ጠዋትም የተያያዘ ፀጉር ስፈታ አልውልም። አንድ ሁለቴ ሌሊት ወልቃ አልጋ ስር አግኝቻታለሁ፣ አሁን ግንባሬ ላይ ሳይሆን ማጅራቴ ላይ ነው የምቋጥራት፣ ከዛ ወዲህ እስከ ጠዋት ትቆያለች።